እንጀራዬን ስመዝን የሰማሁት

እናቴ ከወልዲያ መጥታ እኛ ዘንድ በሰነበተችበት ወር ነው። ማለዳ ምሳ ዕቃዬን ሳሰናዳ የኩሽናው በር ላይ ቆማ አየችኝ። ከመሶቡ አንድ እንጀራ አውጥቼ፣ ለሁለት ቆርጬ፣ ግማሹን ጠቅልዬ ትንሿ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ስልኬ ላይ እየመዘገብኩ ነበር። ዝም ብላ ብዙ ካየችኝ በኋላ፣ «እህል ትሰፍራለህ እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ለራሴ ነው» አልኳት።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «የተሰፈረ እህል የበላሁት በሰባ ሰባት ነው። በልጄ ቤት ደግሞ አየዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር» ብላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ስለ ካሎሪ ቆጠራዬ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። የሳቀም፣ ያዘነልኝም፣ ከጀርባዬ «ምን ይዞት ይሆን?» ያለም አለ። እንደዚያች የእናቴ ቃል የከበደኝ ግን የለም። ይህን የምጽፈው ቆጠራ የጀመረ ሰው ከረሃቡ ይልቅ የሰው ቃል እንደሚፈትነው በራሴ ስላየሁት ነው። ብዙዎች የሚተዉት እርቧቸው አይደለም፤ በየማዕዱ መልስ መስጠት ሰልችቷቸው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 47 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በባዶ ሆዴ የተለካው ስኳር 118 ሆኖ ተገኘ። ጤናማው ከ100 በታች ነው፤ 126 ከደረሰና በድጋሚ ምርመራም ያው ከሆነ ስኳር በሽታ ይባላል። እኔ በሁለቱ መካከል ነበርኩ። ሐኪሟ «አፋፉ ላይ ነዎት፤ ከዚህ መመለስ ግን ይቻላል» አለችኝ። 94 ኪሎ ስለነበርኩ ከዚያ ላይ 7 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ኪሎ፣ እንድቀንስ መክራ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ላከችኝ። ባለሙያዋ ለቀን የሚበቃኝን ካሎሪ አሰላችልኝ። ያንን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። በእኔ ቁመት፣ በእኔ ዕድሜና በእኔ ሥራ የወጣ ልክ ነው፤ ሌላ ሰው ቢወስደው ሊጎዳው ይችላል።

አባቴን የቀበርነው በዚሁ በሽታ ነው። መጀመሪያ የግራ እግሩ ጣቶች ተቆረጡ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ደከመ፣ በመጨረሻ ኩላሊቱ እምቢ አለ። ስለዚህ 118 የምትለዋን ቁጥር ሳይ ወረቀቱ ላይ የታየኝ የአባቴ እግር ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለሰዎች ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ ይበልጥ የሠራው ይህ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የገጠመኝ ቤቴ ውስጥ አልነበረም፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። እኛ ዘንድ በምሳ ሰዓት ሰባት ስምንት ሰው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሁሉንም አንድ ሰፊ ትሪ ላይ ይገለብጠዋል። ከአንዱ ምስር፣ ከአንዱ ሽሮ፣ ከአንዷ ጎመን፣ አልፎ አልፎም ጥብስ ይመጣል። ያ ትሪ ከምግብ በላይ ነው። ወር ሲያልቅ ምሳ ይዞ መምጣት ያልቻለ ሰው ማንም ሳያውቅበት ቀርቦ በልቶ የሚነሣበት ትሪ ነው። እኔ ራሴ ልጄ በታመመችበት ዘመን ለሳምንታት ከእሱ በልቻለሁ፤ አንድም ሰው ባዶ እጅህን ለምን መጣህ ብሎኝ አያውቅም።

ቆጠራ ስጀምር የተመዘነ ምሳዬን ይዤ ጥግ ላይ ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን የኬሚስትሪው መምህር «ምን አስቀይመንህ ነው?» አለኝ። በአራተኛው ቀን ከሁላችንም የምትበልጠው የአማርኛ መምህራችን «የእኛ ወጥ አልስማማህ አለ?» አለችኝ። ስለ ካሎሪ አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሁሉንም በካሎሪ ነበር የመለስኩላቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ እንደሆነ፣ ቅባት በግራም 9፣ ስታርችና ፕሮቲን ደግሞ 4 ካሎሪ እንዳላቸው ማስረዳት ጀመርኩ። እነሱ ግን የጠየቁኝ ስለ ዘይቱ አልነበረም፤ ከእኛ ጋር ነህ ወይስ ተለየኸን ማለታቸው ነበር።

ይህን የተረዳሁ ዕለት የቤት ሥራዬ ተለወጠ። ከትሪው ሳልርቅ እንዴት እቆጥራለሁ? መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የመዘንኩትን ግማሽ እንጀራ ይዤ እሄድና ትሪው ላይ ከፊት ለፊቴ አነጥፈዋለሁ። ወጡን ከጋራው ወደ እኔ ስቤ በራሴ እንጀራ እበላለሁ፤ ቁራጬ ሲያልቅ እጄን እሰበስባለሁ። የያዝኩት ወጥም እንደ ሁሉም ሰው መሐል ላይ ይገለበጣል። ከማዕዱ የሚመጣው ካሎሪ አብዛኛው ከእንጀራውና ከዘይቱ ስለሆነ፣ እንጀራው ከታወቀ የወጡን በግምት መያዝ ይቻላል። ግምቴ አንዳንድ ቀን ሊስት ይችላል። ለብቻ ከመብላት ግን በግምት መሳት ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ፤ እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

እግረ መንገዴን እንጀራ የምቆጥርበትን ዘዴ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ስለ እንጀራ የሚሰጡት ቁጥር እርስ በርሱ ይለያያል፤ የምጣዱ ስፋትም የሊጡ ውፍረትም ከቤት ቤት አንድ አይደለምና። እኔ የምነሣው ከዱቄቱ ነው። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ወደ 367 ካሎሪ አለው። ቤታችን 5 ኪሎ ሲቦካ 32 እንጀራ ይወጣል። አምስቱ ኪሎ 18,350 ካሎሪ ነው፤ ለ32 ሲካፈል አንዱ እንጀራ ወደ 570 ይደርሳል። በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ ካሎሪ የለውም፤ እርሾው የሚበላው ጥቂት ቢኖርም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስንት ኪሎ እንደቦካና ስንት እንጀራ እንደወጣ ካወቃችሁ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ እንጀራ ስንት ግራም እንደሚመዝን አንድ ጊዜ አይታችሁ በቁራጩ ማስላት ትችላላችሁ።

የወጡ ነገር ግን ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ አመጣ። «ዛሬ ስንት ዘይት አደረግሽበት?» ብዬ ባለቤቴን ስጠይቃት፣ ጥያቄው እሷ ጆሮ የሚደርሰው «ዘይት አበዛሽ» ሆኖ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ መጥታ ቆማ ለሠራችው ሴት ይህ ምስጋና አይደለም። አንድ ማታ ጭልፋውን አስቀምጣ «ወጤ ካልጣመህ ንገረኝ፤ በዘይት አታሳብብ» አለችኝ። እውነት ነበራት። አሁን የሳምንቱን ዘይት ቅዳሜ በአንድ ጠርሙስ ቀድተን እናስቀምጣለን፤ ከዚያው ይሠራል። ሳምንቱ ሲያልቅ ከጠርሙሱ የወጣውን ለበላነው ሰው አካፍዬ እመዘግባለሁ። ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም። ቅዳሜ ደግሞ ሽሮውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ይህ ከቆጠራው በላይ ሰላም አምጥቶልናል።

አራት ወር ሲሆነኝ 7 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ያኔ ሌላ ዓይነት ወሬ መጣ። እኛ አገር ሰው ሲወፍር «ተመችቶሃል» ይባላል፤ ሲከሳ ግን «ምን ሆነህ ነው?»። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሱሪዬ መስፋቱን አይቶ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። የእድራችን አንድ አባል ደግሞ ለባለቤቴ «አይዞሽ፣ አሁን እኮ መድኃኒቱ አለ» ብሏታል፤ የትኛውን መድኃኒት እንዳለ ሁላችንም ገብቶናል። ይህ በጣም አበሳጭቶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። በእነሱ ዕድሜ ያዩት ክሳት ሁሉ ከችግር ወይም ከሞት በፊት የመጣ ነው። ሰው ወዶና አስቦ ሲከሳ ያዩት እኔን መጀመሪያ አድርገው ይሆናል።

ለእነዚህ ምን ልበል? በመጀመሪያ ለሁሉም ነገርኩ፤ ያ ስሕተት ነበር። ስኳሬ አፋፍ ላይ እንደሆነ የሰማ ሁሉ ሐኪሜ ሆነ። «ማር ብላ፣ ማር ስኳር አይደለም» ያለኝ አለ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ግን ከ60 ካሎሪ በላይ ነው፤ ደም ውስጥ ሲገባም ያው ስኳር ነው። «ቀይ ጤፍ ከሆነ የፈለግከውን ያህል ብላ» ያለኝም አለ። «ሽፈራው አፍልተህ ጠጣ፣ ቆጠራውን ተው» ያለኝም አለ። በግብዣ ላይ ድንች ባነሣሁ ቁጥር «ይህ ለአንተ ይፈቀዳል?» የሚለኝ ዘመድ ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር፤ በሰው ሁሉ ፊት ሳህኔን እንዳስመረምር ያደርገኛል። የባዮሎጂው ባልደረባዬ «በዘር ከሆነ ምንም ብትቆጥር አታመልጠውም» ሲለኝ ግን ቁጭ ብዬ መለስኩለት። በአሜሪካ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። እንደ እኔ አፋፉ ላይ የነበሩ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ፣ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። እሱ መረጃ የሚወድ ሰው ስለሆነ አሳየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አብረን በእግር ወደ ቤት እንመለሳለን። ቁጥር የሚሠራው ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ነው።

ለሌላው አሁን አጭር መልስ አለኝ። ለባለ ሱቁና እሱን ለመሰሉ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪም መክሮኝ ነው የቀነስኩት» እላለሁ። ሐኪም የሚለው ቃል እኛ ዘንድ በር ይዘጋል፤ እውነትም ነው። ሳህኔን ለሚመረምረው ዘመዴ ግን ለብቻው ወስጄ፣ «ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ፊት ስትጠይቀኝ ግን እጄ ከማዕዱ ይሰበሰባል» አልኩት። አቀርቅሮ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ምስጋናም ቢሆን ቀላል አይደለም። «ጎበዝ! ስንት ደረስክ?» የምትለኝ ባልደረባ ነበረችኝ፤ በየሰኞው ትጠይቀኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ 2 ኪሎ ሲመለስብኝ ግን እሷን ላለማግኘት በኋላ በር መግባት ጀመርኩ። ሰው ስለ ክብደቴ በደግም ሆነ በክፉ ሲያወራ፣ ክብደቴ የእኔ መሆኑ ይቀርና የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ «ኪሎውን ተይው፤ ደረጃ ስወጣ መተንፈስ ቀሎኛል፣ እሱን ጠይቂኝ» አልኳት። አሁንም ትጠይቀኛለች፤ ስለ ደረጃው ነው።

ስለ ጾም የሚነሣውም አለ። «ሁዳዴውን 55 ቀን ጾመህ ሌላ ምን ትቆጥራለህ?» ይሉኛል። የጾም ምግብ ግን የግድ ቀላል አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ዘይት የጠጣ ሽሮና ፓስታ ተርቦ ለሚቀርብ ሰው ከፍስኩ ሊበልጥ ይችላል። ለእኔ ከካሎሪው ይልቅ ያሳሰበኝ ቆጠራው ጾሙን እንዳያበላሽብኝ ነበርና የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ጾሙን ለእግዚአብሔር ጹም፣ ሚዛኑን ለሕመምህ ያዝ፤ አንዱን በአንዱ አታሳብብ» አሉኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ግን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳር ሲወርድ አደገኛ ነው።

ጉርሻንስ? አክስቴ ቤት በዓመት በዓል «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ተብሎ የተዘረጋን እጅ እምቢ ማለት አልችልም፤ መቻልም አልፈልግም። የመጀመሪያውን ዓመት በየጉርሻው መሐል ስሸሽ አክስቴ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እያጎረሰች ያሳደገችኝ ሴት ናት። አሁን በዓል ሲሆን ጠዋት ዳቦውን ቀንሼ ለጉርሻ ቦታ እተዋለሁ። እሷ ስታጎርሰኝ እጇን ይዤ እቀበላለሁ፤ ቀጥዬ እኔ አጎርሳታለሁ፤ ከዚያ ጨዋታ እጀምራለሁ። ቡናውንም እስከ በረካ እቀመጣለሁ፤ ስኳር ግን አላደርግም። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ከሆነ ሦስቱ ሲኒ ወደ 100 ካሎሪ ይጠጋል፤ ሳይሰማኝ የማልፈው ይህ ብቻ ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሰዎች ሲሳሳቱብኝ ስላደረግኩት ነው። የተሳሳትኩት እኔ የሆንኩበት ጊዜም ነበር።

የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። አንድ እሑድ ቁርስ ላይ ዳቦዋን ቆርሳ ግማሹን ወደ ጎን አደረገችና «አባዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» አለችኝ። ሳላስብ ቁጥሩን ነገርኳት። ዳቦውን አልነካችውም። በሳምንቱ እናቷ ምሳ ዕቃዋን ስታጥብ ግማሹ እንጀራ እንዳለ ተመልሶ አገኘችው። ያን ማታ ባለቤቴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «አንተ በሽታ እየሸሸህ ነው፤ እሷ ግን የምታየው አባቷ እህል ሲፈራ ነው። ከእኛ ጋር ተቀምጠህ የምትበላውም ከስልክህ ጋር ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ሚዛኑን ከምግብ ጠረጴዛው አነሣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመዝነው ልጆቹ ሳይነሡ ኩሽና ውስጥ ነው፤ ስልክ ማዕድ ላይ አይቀርብም፤ ካሎሪ የሚለውን ቃል በቤታችን በምግብ ሰዓት አላነሣም። ልጄን ይዤ ወጣሁና እየሄድን ነገርኳት። «ቁጥሩ የእኔ መድኃኒት ነው። አያትሽ በምን እንደሞቱ ታውቂያለሽ። የእኔን መድኃኒት አንቺ አትውጪም፤ አንቺ እያደግሽ ነው፣ ሰውነትሽ ይበልጥ ነው የሚፈልገው» አልኳት። «ታዲያ አንተ አይርብህም?» አለችኝ። «አንዳንዴ ይርበኛል» አልኳት፤ መዋሸት አልፈለግኩም። ለብዙ ወራት ሳታውቅብኝ ሳህኗን እመለከት ነበር። ደህና ሆናለች። እናንተም ልጆች ካሏችሁ፣ ወይም ከእናንተ አንዱ ቁጥሩ ካልታወቀ መብላት እስኪፈራ ከደረሰ፣ ያን ጊዜ የቅርብ ሰው የሚለውን ስሙ፤ ባለሙያም አማክሩ። የሚወዳችሁ ሰው «አስፈራኸኝ» ሲላችሁ ከምትሰሟቸው ሌሎች ቃላት ጋር አትደምሩት።

ወደ እናቴ ልመለስ። ያን ማለዳ በርጩማው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ምሳ ዕቃዬን ትቼ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በሰባ ሰባት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእርዳታ ስንዴ የሚሰፈርበት ጣሳ የከረጢቱን ግድግዳ ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው የሚታወሰኝ። እሷ ግን ሁሉንም ታስታውሳለች፤ ተሰልፋ የጠበቀችውን ቀንም፣ ሳይደርሳት የተመለሰችበትንም። ለእሷ ሚዛን ማለት እህል ያነሰበት ቀን ነው። ስለ ካሎሪ ምንም አላልኳትም። «እማዬ፣ የአባባን እግር ታስታውሻለሽ?» አልኳት። ቁስሉን ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠበችው እሷ ነበረች። «እንደ እሱ እንዳልሆን ነው» አልኳት።

ብዙ ቆይታ «ሐኪሙ ነው ስፈር ያለህ?» አለች።

«አዎ።»

«በቂህን ነው ወይስ አሳንሶብህ ነው?»

«በቂዬን ነው።»

ተነሥታ ሚዛኑን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ቁጥሩ ዘሎ ሲመለስ አየችና «ይህስ እውነተኛ ነው፤ የያኔዎቹ ጣሳውን ሞልተው አይሰጡም ነበር» አለች።

ባለፈው ወር ከወልዲያ የመጣ ዘመድ አንድ ትንሽ ፌስታል አመጣልኝ፤ የገብስ ቆሎ ነው፣ በደንብ የታመሰ፣ የተፈተገ። ማታ ስደውልላት «ሁለት ሲኒ ሰፍሬልሃለሁ፤ ለአንድ ቀን ከበዛ ለሁለት ቀን አድርገው» አለችኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኩሽና ገብቼ መዘንኩት። 86 ግራም፤ ወደ 300 ካሎሪ ነው። መዘገብኩት፤ ግማሹን ለነገ አስቀርቼ ግማሹን እዚያው ቆሜ በላሁ።